ገመድ አልባ ዲጂታል ሚክሰር ምንድን ነው?

ፒያሳ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አዳራሽ ኮንሰርት የታደመ ሰው፣ ሙዚቃው እየተካሄደ ታብሌት ይዞ በተመልካቹ መሀል ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው አይቶ ይሆናል። ብዙዎች ቪዲዮ የሚቀርጽ ይመስላቸዋል። «ጨዋታህን ተውና ድምፁን አስተካክል» ብሎ የሚቆጣ አዘጋጅም አይጠፋም። ሰውየው ግን ሥራው ላይ ነው። የአዳራሹን ድምፅ በሙሉ የሚያዝዘው በዚያች ታብሌት ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው ሳጥን ከመድረኩ ጎን ወይም ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጧል። ገመድ አልባ ዲጂታል ሚክሰር የሚባለው ይህ አሠራር ነው።

ሚክሰር የድምፃዊውን ማይክ፣ ክራሩን፣ ኪቦርዱን፣ ድራሙን ለየብቻ፣ በየራሳቸው መግቢያ (ቻናል) ተቀብሎ፣ መጥኖና ቀላቅሎ ወደ ሞንታርቦዎቹ የሚልክ መሣሪያ ነው። በድሮው አናሎግ ሚክሰር እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ቁልፉ የሚነካው በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ራሱን ስለነበር፣ ባለሙያው ከቁልፎቹ መራቅ አይችልም። ዲጂታሉ ግን የሚገባውን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ቤዝ መቀነሱም፣ ኤኮ መጨመሩም፣ ማይክ መዝጋቱም ስሌት ነው። ስሌቱን የሚያዝዝ እጅ ደግሞ የግድ ሳጥኑ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ትእዛዙ በዋይፋይ ቢመጣም ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአየር የሚሄደው ድምፁ አይደለም። ከማይክ እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ እስከ ሞንታርቦው ያለው መንገድ እንደ ወትሮው በገመድ ነው፤ መድረኩ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በዋይፋይ የሚሄዱት «የ3ኛውን ቻናል ድምፅ ትንሽ ቀንስ» ዓይነት አጫጭር መልእክቶች ብቻ ናቸው። ገመድ አልባ ማይክ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ድምፁን ራሱን በአየር ስለሚልክ ሞገዱ ሲቋረጥ ድምፁም ይቆረጣል። የሚክሰሩ ዋይፋይ ቢጠፋ ግን ኮንሰርቱ አይቆምም። ሳጥኑ መጨረሻ በታዘዘው ልክ መሥራቱን ይቀጥላል።

ይህ የሚያጽናና ይመስላል፤ ግማሹን ያህል ነው የሚያጽናናው። ዋሽንት ነፊው ወደ ሞኒተሩ (መድረክ ላይ ራሱን ወደሚሰማበት ድምፅ ማጉያ) ጠጋ ብሎ ማይኩ መጮህ ቢጀምር፣ ሳጥኑ ጩኸቱንም በታዘዘው ልክ ማሰማቱን ይቀጥላል። የጠፋው ድምፁ ሳይሆን የባለሙያው እጅ ነው፤ ሙሉ አዳራሽ ጆሮውን ይዞ ወደ እሱ ሲዞር እጅ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ያማሃ ዲጂታል ሚክሰር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። በታብሌት ማዘዝ በሰፊው የተለመደው ግን አይፓድ ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ ማኪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቀው ዲኤል 1608 አይፓዱን በራሱ ላይ የሚያስቀምጥ ባለ 16 ቻናል ሚክሰር ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው የቤሪንገሩ ኤክስ 32 ፌደር የሚባሉትን ተንሸራታች ቁልፎች እንደያዘ በታብሌትም ይታዘዝ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ኤክስ አር 18ን የመሳሰሉት ፌደር የሚባል ነገር የላቸውም፤ የገመድ መሰኪያ ብቻ ያለባቸው ሳጥኖች ናቸው። ስለ ገመድ አልባ ሚክሰር ስናወራ በዋናነት የምናወራው ስለ እነዚህ ነው።

ጥቅማቸው እውነተኛ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በዚያ ዘመን አዳራሽ ሲሠራ ከመቀመጫው መሀል ለድምፅ ባለሙያ የሚሆን ሰፊ ጠረጴዛ ይታሰባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በእንዲህ ያሉ አዳራሾች ወፍራሙን ገመድ በመተላለፊያው ዘርግቶ በፕላስተር ማጣበቅ፣ ከዚያም ሰው እንዳይደናቀፍበት ሌሊቱን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሆቴል አዳራሽ ሲሆን ይባስ ብሎ ባለሙያው ከምሰሶ ጀርባ ይመደባል፤ ምሰሶው ጀርባ የሚሰማው ደግሞ የምሰሶው ጀርባ ድምፅ ነው። ታብሌት የያዘ ሰው ፊት ረድፍ ሄዶ፣ ፎቅ ወጥቶ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ተመልካቹ የሚሰማውን ይሰማል። (አዘጋጆች መሣሪያውን የሚወዱበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ የሚክሰሩ ጠረጴዛ በቆመበት ቦታ አንድ የቪአይፒ ጠረጴዛ ይሸጣል።)

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ወደ መድረኩ መውጣት መቻሉ ነው። ድምፃዊ «ራሴን አልሰማም» ሲል ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ የሚሰማውን ሞኒተር እየሰማ ያስተካክልለታል። ከሩቅ በጣት መጠቋቆም፣ «ጨምር» የተባለውን «ቀንስ» ብሎ መረዳት ቀረ። በእኛ አገር ኮንሰርት አንድ ባንድ ብዙ ድምፃውያንን ተራ በተራ ስለሚያጅብም፣ የእያንዳንዱን ልክ በሳውንድ ቼክ (ከኮንሰርቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ጊዜ መዝግቦ በተራው መጥራት መቻሉ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንግባ። ሳውንድ ቼክ የሚደረገው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ዋይፋዩ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያው አዳራሽ በሰው ይሞላል፤ ሁለት ነገሮችም ይለወጣሉ። የመጀመሪያው የሰው አካል ነው። አብዛኛው አካላችን ውኃ ስለሆነ የዋይፋይን ሞገድ ይውጣል፤ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ራውተርና ደረት ላይ የተያዘ ታብሌት በመቶ የሚቆጠር ሰው መሀላቸው ሲገባ መደማመጥ ያቅታቸዋል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሰው በኪሱ የያዘው ስልክ ነው። ዋይፋዩ የተከፈተ ስልክ ከማንም ጋር ባይገናኝ እንኳ «ማን አለ?» እያለ በየጊዜው ይጣራል፤ በአካባቢው ያለ ራውተር ሁሉ ይመልስለታል።

ዋይፋይ እንደ ሽምግልና ጉባኤ ነው፤ ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ተራውንም ይጠብቃል። ተናጋሪው ሲበዛ ግን ተራው አይደርስም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ (የሞገድ ክልል) ላይ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት የዋይፋይ ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ብሉቱዝም፣ ርካሽ የሆኑ አንዳንድ ገመድ አልባ ማይኮችም፣ የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭም የሚሠሩት በዚሁ ባንድ ላይ ነው። በዙሪያው ባንክና ሆቴል በተደረደረበት የመሀል ከተማ አዳራሽ የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ሲጨመርበት፣ የሚክሰሩ ትእዛዝ የሚያልፍበት ክፍተት ምን ያህል እንደሚጠብ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ አብሮ በተሠራው ዋይፋይ ኮንሰርት አይሠራም። የኤክስ አር 18 የውስጥ ዋይፋይ ለምሳሌ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠራው። ለልምምድና ለትንሽ ምሽት ይበቃል፤ ለሙሉ አዳራሽ አይበቃም። 5 ጊጋኸርዝ ያለው የራስ ራውተር ገዝቶ ከሳጥኑ ጋር በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት፣ ከዚያም ራውተሩን በማቆሚያ ላይ ከሰው ራስ በላይ መስቀል ያስፈልጋል። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፤ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ ለተሰቀለ ራውተር ግን ተመራጩ እሱ ነው። የይለፍ ቃልም ይኑረው። ያለ ይለፍ ቃል የተተወ ሚክሰር አፕሊኬሽኑን ያወረደ ተመልካች ሁሉ ሊከፍተው የሚችል ሚክሰር ነው።

«ኢንተርኔት ከሌለስ?» ብለው የሚጨነቁና ጥቅል የሚገዙ አሉ። አያስፈልግም። ታብሌቱና ሳጥኑ የሚነጋገሩት በራውተሩ በኩል እርስ በርሳቸው ነው፤ የአገሩ ኢንተርኔት በሙሉ ቢጠፋ አይነካቸውም። ችግሩ የሚመጣው ከታብሌቱ ብልጠት ነው። ብዙ ስልኮችና ታብሌቶች ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያጋጥማቸው «ይህ አይረባም» ብለው ወደ ሞባይል ዳታ ወይም ወደሚያውቁት የሆቴል ዋይፋይ ይዘላሉ። ይህን ማጥፋት፣ ሌሎቹን የተመዘገቡ ዋይፋዮች ማስረሳት፣ ስልክ እንዳይደወልበት ሲም ካርዱን ማውጣት ከሳውንድ ቼክ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ግንኙነቱ መቋረጡ እንዴት ይታወቃል? ፌደሩን በማየት አይደለም። ከእነዚህ ሚክሰሮች ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት መድረሱ በማይረጋገጥበት መንገድ ነው። ጣት ስክሪኑ ላይ ፌደሩን ዝቅ ሲያደርገው ፌደሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሳጥኑ ግን አልሰማ ይሆናል። መታየት ያለባቸው ስክሪኑ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳዩት ብርሃኖች ናቸው። የሚመነጩት ከሳጥኑ ስለሆነ፣ ሙዚቃው እየሄደ እነሱ ቀጥ ብለው ከቆሙ ታብሌቱ ብቻውን ነው።

ያን ጊዜ የሚያድነው አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ በገመድ የተገናኘ ላፕቶፕ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ ወደ እሱ መሮጥ ነው። ከዚህም በላይ ድምፁ ራሱ ማንም ሳይነካው መቆም እንዲችል ተደርጎ መቀላቀል አለበት። መሲንቆን የመሰለ ድምፁ ቀጭን የሆነ መሣሪያ ሲመጣ ማይኩን እስከ ጩኸት አፋፍ ድረስ ከፍቶ በጣት መጠበቅ በአናሎግ ዘመን ይቻል ነበር። በታብሌት ግን ከአፋፉ ራቅ ማለት፣ የሚጮሁትን ድግግሞሾች አስቀድሞ መቁረጥ፣ መውጫው ላይ ገደብ ማኖር ይሻላል። ትንሽ ድምፅ ይቀንስ ይሆናል፤ ይቀንስ።

መብራትም አለ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ ባለችው ክፍተት አናሎግ ሚክሰር መብራቱ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ዲጂታሉ ግን እንደ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይነሣል፤ ራውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚክሰሩም ይዘገያል። ድምፁ ተመልሶ መቆጣጠሪያው ያልተመለሰባቸው እነዚያ ደቂቃዎች ረጅም ናቸው። ሚክሰሩና ራውተሩ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ለሁለቱም ይበቃል፤ ሞንታርቦዎቹን ግን እዚያ ላይ መሰካት ዩፒኤሱን መግደል ነው።

መስቀል አደባባይን በሚያህል ቦታ ላይ ግን ፌደር የሌለውን ሳጥን ብቻውን ይዞ መውጣት ድፍረት ነው እላለሁ። ለዚያ ዓይነቱ ሕዝብ በእጅ የሚነካ ፌደር ያለው ሚክሰር መሀል ላይ ይቆማል፤ ከመድረኩ ጋር የሚያገናኘው ኔትወርክ ገመድም እስከ 100 ሜትር ድረስ በአስተማማኝ ሁኔታ ይሠራል። ታብሌቱ ለመዘዋወሪያ ብቻ፣ ሁለተኛ እጅ ሆኖ ይያዛል። በዋይፋዩ ምክንያት ብቻ አይደለም። ፌደር ላይ ያረፉ ጣቶች ዓይን መድረኩ ላይ እያለ አራት አምስት ቻናል በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ስክሪን ግን ካላዩት አይነካም። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ደግሞ ስክሪኑ አይታይም፤ ሲግልም ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ከባሰም ይዘጋል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው የቻናሉን ብዛት ከመቁጠሩ በፊት የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንዳለው ይይ። ከዚያ አፕሊኬሽኑን ይመልከት፤ ሚክሰሩ ዐሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል፣ ታብሌቱና አፕሊኬሽኑ ግን ያን ያህል ላይቆዩ ይችላሉ። ዲኤል 1608 በወጣበት በዚያው በ2012 አፕል የአይፓዱን የቻርጅ መሰኪያ ለወጠና አዲሶቹ አይፓዶች የሚክሰሩ ማስቀመጫ ላይ አልገጥም አሉ። የሳውንድክራፍት ዩአይ ተከታታይ በተራ ኢንተርኔት ማሰሻ ስለሚከፈት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ያረጀ ላፕቶፕም ቢሆን ያዝዘዋል።