ቴርሞስታት ምንድን ነው? የቆየ ቫን ሲግል ቀድሞ የሚጠረጠረው ዕቃ

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ተቀምጦ ውሃው መቼ እንደሚያልፍ የሚወስን በር ነው። በቆዩ ቫኖች ላይ ሽቦም ኮምፒውተርም አያዘውም። መሃሉ ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ቀፎ ውስጥ ሰም ታሽጓል። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ያብጣል፤ ዘንጉን ገፍቶም በሩን ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋል። አብዛኞቹ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መከፈት ይጀምራሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ዕቃው ላይ ተቀርጿል።

በሩ ያስፈለገው ሞተር ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ስለሚያበዛና ውስጡም ቶሎ ስለሚጎዳ ነው። እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ባይፓስ በምትባል አጭር መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት ወደ ራዲያተር ይለቀቃል።

በብዙ የቆዩ ቫኖች ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ታፍኖ ስለሚቀመጥ ሹፌሩ ፍሳሹን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመፍታት በፊት ቫኑ የሚግለው መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። ቆሞ ወይም በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ሲጎተት ግሎ፣ መንገድ ሲያገኝ ከበረደ፣ ጥርጣሬው ማራገቢያው ላይ ነው፤ ፍጥነት ሲኖር ነፋሱ ሥራውን ይተካለታል። በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ከጋለ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ፣ ዳገትም ሜዳም ሳይለይ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ከሮጠ ግን ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማጣራት እጅ ይበቃል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሡትና፣ ከማራገቢያውና ከቺንጋው ርቀው፣ ወደ ራዲያተር የሚገባውን የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው ይንኩ። ጤነኛ ከሆነ ቱቦው ለጥቂት ደቂቃዎች ብዙም ሳይሞቅ ይቆይና መርፌው መሃል ሲደርስ ድንገት ይሞቃል። ገና ከመነሻው ከሞተሩ እኩል ቀስ እያለ ከሞቀ በሩ ክፍት ቀርቷል፤ ሂተሩም ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል። መርፌው ቀይ ደርሶ ቱቦው አሁንም ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ አልተከፈተም፤ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ውሃው ጎድሎ ወይም ፓምፑ ቆሞም ያው ምልክት ሊታይ ስለሚችል መጠኑን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። አንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታታቸው በታችኛው ቱቦ በኩል ነው፤ እነዚያ ላይ የሚዳሰሰው የታችኛው ነው።

ከተፈታ በኋላ ፍርዱ ቀላል ነው። ውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ያሞቁት። ብረቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ውሃው ፈልቶም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ገና በቀዝቃዛው ክፍተት ከታየበት ይጣላል።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ፤ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ቫኑ ይበርዳል» የሚለው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከታቹ ሁለተኛ ሳህን አለው፤ ዋናው በር ሲከፈት ይህች ሳህን ባይፓሱን ትዘጋለች። ዕቃው ሲወጣ ባይፓሱ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሊያበርዱት ሲሉ ዳገት ላይ ይበልጥ ያግሉታል።

ቴርሞስታቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ማየት ነው። ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት የሚይዝ ክዳን በባሕር ጠለል ላይ የንጹሕ ውሃን መፍያ ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሳል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ስለማይይዝ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። ክዳኑ ደህና ሆኖ ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሣ ቱቦዎቹ ወዲያው ከጠጠሩ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ራስ) ሥር ያለው ጋስኬት ተበልቶ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። እዚህ ላይ ቴርሞስታት መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲሱ ሲገጠም ሰሙ ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይዞራል፤ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ካለው እርሷ ወደ ላይ ትሁን። የኋላ ሂተር ያላቸው ቫኖች ቱቧቸው ረጅም ስለሆነ አየር በቀላሉ ይታፈንባቸዋል። ሲሞሉ ራዲያተሩ ያለበትን ጫፍ ከፍ አድርጎ ማቆም፣ የፊትና የኋላውን ሂተር ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ ማዞር፣ ሞተሩን ሳያጥፉ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ መጠኑ እንደገና ይታያል፤ ጎድሎ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ታፍኖ የነበረው አየር ወጥቶ ስለሆነ ይሞላል።