«ካርቦ አቁም፣ ስብ አትንካ»፦ ስለ ስብና ካርቦሃይድሬት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወጣ ብትሉ ከሚሮጠውም ከሚራመደውም ሰው ብዙ ምክር ትሰማላችሁ። «ካርቦ አቁም።» «ስብ የሚባል አትንካ።» «ላብህ ካልወጣ ምን ዋጋ አለው?» ምክሩ የሚመጣው ከቅን ልብ ነው። ችግሩ ብዙው ስህተት መሆኑ ነው። ስህተቱ ደግሞ ጉዳት አለው። ሰው ያለምክንያት ይራባል፤ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፤ አያቶቹ ያደጉበትን ምግብ ይንቃል።

ካርቦሃይድሬትና ስብ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለነገ የሚሆን ኃይል የሚያስቀምጡባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። እንሰትም፣ ላምም፣ ወፍም፣ እኛም እነዚህኑ ነው የምንጠቀመው። የትኛው መቼና ለምን እንደሚመረጥ ከገባን ብዙው ወሬ በራሱ ይጠራል።

«ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል የለውም»

ይህን አብዝቼ የምሰማው ከከተማ ልጆች ነው፤ ሁሌም ያናድደኛል። ከውሃው ሌላ ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርች ማለት ደግሞ እርስ በርሱ የተያያዘ ግሉኮስ፣ ማለትም ቀላል ስኳር ነው። እንሰት በሰፊው ቅጠሉ የፀሐይ ብርሃን ይቀበላል፤ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ግሉኮስ ይሠራል። የተረፈውን ግንድ በሚመስለው አካሉና ከሥር ባለው አሚቾ ውስጥ ለዓመታት ያጠራቅማል። ቡላ የሚባለው ከዚያ ተጨምቆ የሚጠለል፣ ንጹሕ ሊባል የሚችል ስታርች ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ሲፈጭ 4 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ከጤፍ ይምጣ፣ ከስንዴ ይምጣ፣ ከቡላ ይምጣ ያው ነው።

ተክሉ ግሉኮሱን እንዳለ ለምን አያስቀምጠውም? ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሴል ውስጥ ብዙ የሟሟ ነገር ከተጠራቀመ ደግሞ ውሃ እየሳበ ሴሉን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ተክሉ እጅግ ብዙ ግሉኮሶችን አያይዞ ስታርች ያደርጋቸዋል። ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም፤ ጠጣር ቅንጣት ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛም ጉበታችንና ጡንቻችን ውስጥ በተመሳሳይ ዘዴ እናስቀምጣለን። የእኛው ግላይኮጅን ይባላል። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ1857 እ.ኤ.አ. ከጉበት ለይቶ ያወጣው ነው። አንድ የግላይኮጅን ቅንጣት እስከ 50,000 የሚደርሱ ግሉኮሶችን ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ እንሰቱ ልመለስ። እንሰት በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። አብቦ፣ ፍሬ አፍርቶ ይሞታል። ያ ሁሉ ዓመት ያጠራቀመው ስታርች ለዚያች አበባና ለዘሩ የታሰበ ነው። የሲዳማ ገበሬ እንሰቱን አበባው ሊወጣ ሲል ወይም ገና ብቅ እንዳለ መፋቅ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ብዙ ከቆየ ስታርቹ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ ከግንዱ የሚገኘው ይቀንሳል። የእንሰት አምራቾች ይህን ያወቁት ስለ ስታርች አንድም መጽሐፍ ሳይጻፍ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ከትልልቅ የሀገራችን ዕውቀቶች አንዱ አድርጌ ነው የማየው።

ቆጮ የሚጎድለው ፕሮቲን ነው፤ እሱ እውነት ነው። ከአይብ፣ ከዓሣ፣ ከሥጋ ወይም ከባቄላ ጋር ሲበላ ማዕዱ የሚሟላው ለዚህ ነው። ቡርሳሜ (ቆጮ በቅቤ የሚሠራበት የሲዳማ ምግብ) ላይ የሚጨመረው ቅቤ ግን ፕሮቲን አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሌላ ኃይል ነው፤ ያውም ብዙ።

«ኃይል የሚወጣው የምግቡ ኬሚካላዊ ትስስር ሲበጠስ ነው»

ይህኛው ከትምህርት ቤት ይዘነው የምንወጣው ነው። በፈተና ላይ ሳይቀር ይጻፋል። እውነታው ተቃራኒ ነው። ማንኛውንም ኬሚካላዊ ትስስር መበጠስ ኃይል ይፈጃል እንጂ ኃይል አይሰጥም። የምናተርፈው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው። የምግቡ ካርቦንና ሃይድሮጅን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር ተጣምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናሉ፤ ትርፉ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ የሚገባን በዚህ በኩል ስንሄድ ነው። ግሉኮስ ውስጥ 6 ካርቦን ካለ አብሮት 6 ኦክስጅን አለ። ቅቤና ፓልም ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፓልሚቲክ አሲድ ደግሞ 16 ካርቦን ይዞ ኦክስጅኑ 2 ብቻ ነው። ካርቦሃይድሬት ከኦክስጅን ጋር አስቀድሞ በከፊል ተጣምሯል። ግማሹ ነድዶ የጠፋ እንጨት በሉት፤ እንደገና ሲለኮስ የሚሰጠው ሙቀት የቀረውን ያህል ነው። ስብ ግን ገና ያልተነካ ነው።

ውሃም አለ። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሰውነት ውስጥ ሲቀመጥ 3 ግራም ገደማ ውሃ አብሮት ይቀመጣል። ስብ ውሃ አይወድም፤ ደረቁን ነው የሚቀመጠው። እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ 10 ኪሎ ስብ ያለው ሰው እንውሰድ። ስቡ 90,000 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። ይህንኑ በግላይኮጅን እናስቀምጠው ቢባል 22.5 ኪሎ ግላይኮጅንና ከ67 ኪሎ በላይ ውሃ ያስፈልገዋል። ሰውዬው 150 ኪሎ ሊሆን ነው! በእግሩ ለሚሄድ ፍጡር ይህ አይሆንም።

ለሚበር ፍጡር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ከአውሮፓ ቅዝቃዜ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው በኩል የሚመጡ ወፎች አሉ፤ የሐዋሳን ሐይቅም ይጎበኛሉ። እነዚህ ወፎች ከመነሳታቸው በፊት የሚያጠራቅሙት ስብ ነው። አንዳንዶቹ ትንንሽ ወፎች ለጉዞው ክብደታቸውን ወደ እጥፍ ያደርሱታል። እንሰት ግን የትም አይሄድም። ክብደት አያስጨንቀውም፤ ስታርቹን ተሸክሞ ይቆማል።

ዘሮችም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ኑግና ሰሊጥ ትንሽ ናቸው፤ ለቡቃያው ብዙ ኃይል በጠባብ ቦታ መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ዘይት ያጠራቅማሉ፤ ሰሊጥ ግማሽ ክብደቱ ገደማ ዘይት ነው። ሁሉም ዘር እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጤፍ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ሳለ ስታርች ነው የሚይዘው።

ታዲያ ስብ ይህን ያህል ከበለጠ ግላይኮጅን ለምን አስፈለገን? ለፍጥነት። ግሉኮስ ቶሎ ይወጣል፤ ቶሎ ይነድዳል። በተመሳሳይ ኦክስጅን ከስብ ትንሽ የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል። ኦክስጅን ሲያጥር እንኳ ጡንቻ ከግሉኮስ ኃይል ማውጣት ይችላል፤ ከስብ ግን አይችልም። ማራቶን ላይ 30 ኪሎሜትር ካለፉ በኋላ ድንገት እግራቸው የሚከዳቸውን ሯጮች አስቡ። ስባቸው አላለቀም፤ ከቀጭኑ ሯጭ ላይ እንኳ ስብ አይጠፋም። ያለቀባቸው ግላይኮጅን ነው። ስብ ብቻውን ያንን ፍጥነት አይሸከምም። «ካርቦ አቁም» የሚለውን ምክር ለሯጭ የምትሰጡ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ተዉት።

«ቅባት ካልበላሁ አልወፍርም»

ላም ሣር ትበላለች፤ ቅቤ ትሰጣለች። ሣር ውስጥ ያለው ስብ በጣም ጥቂት ነው። በብዛት ያለው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ልክ እንደ ስታርች ከግሉኮስ የተሠራ ነው፤ አያያዙ ግን ስለሚለይ የእኛ ሆድ ሊፈታው አይችልም። የላሟ ሆድ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይፈቱታል፤ አጫጭር አሲዶች ያደርጉታል። ላሟ ከእነዚህ አሲዶች ስብ ትሠራለች። ከካርቦሃይድሬት ስብ መሥራት በተፈጥሮ የተለመደ ሥራ ነው።

ሰው ላይ ሲሆን መንገዱ ትንሽ ይለያል። የእኛም ጉበት ከስኳር ስብ መሥራት ይችላል፤ በተለመደው አመጋገብ ግን ዋናው መንገድ ይህ አይደለም። ካርቦሃይድሬት ሲበዛ ኢንሱሊን ከፍ ይላል። ሰውነት ስኳሩን ያስቀድማል፤ ስብ ማቃጠሉን ይቀንሳል። ከወጥና ከሳምቡሳ የገባው ዘይት ወደ ማስቀመጫው ይሄዳል። በጾም ወራት ቅቤና ሥጋ ሳይቀምሱ ኪሎ የሚጨምሩ ሰዎች ግራ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። ዳቦው፣ ስኳር የበዛበት ሻዩ፣ በዘይት የተጠበሰው ሁሉ ተደምሮ ከሚያወጡት ኃይል ስለበለጠ ነው።

ሌላው ጫፍም ስህተት ነው። «የሚያወፍረው ካርቦ ብቻ ነው፤ ቅቤ እንደልብ ብላ» የሚሉ አሉ። ከመጠን ያለፈው ከየትም ይምጣ ይቀመጣል።

«ላብ ማለት የቀለጠ ስብ ነው»

ላብ ውሃና ጥቂት ጨው ነው። ስብ የለበትም። ላስቲክ ለብሶ፣ ሦስት ጃኬት ደርቦ በሐዋሳ ፀሐይ መሮጥ የሚያስወጣው ውሃ ነው። ሚዛን ላይ ይታያል፤ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። አደጋው ግን እውነተኛ ነው፤ ሙቀት ሰው ይጥላል። እባካችሁ አታድርጉት።

ምግብ በቀነሱበት የመጀመሪያ ሳምንት ኪሎ በፍጥነት የሚወርደውም በአብዛኛው ለዚህ የቀረበ ነው። ግላይኮጅኑ ሲወጣ ውሃውም አብሮት ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ቀስ ሲል ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ስቡ በደንብ መቀነስ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ጠዋት በሙቅ ውሃ የሚጠጣው ሎሚስ? ደስ ይላል፣ ይጠጣ። ስብ ግን አያቀልጥም። ውሃው ሆድ ሲደርስ ከሰውነት ሙቀት ጋር ይስተካከላል፤ የስብ ሴሎች ዘንድም አይደርስም።

«ቁርስ ካለፈኝ ሰውነቴ ጡንቻዬን ይበላል»

አይቸኩልም። ጤናማና በደንብ የበላ ሰው ጉበቱ ውስጥ 100 ግራም ገደማ፣ ጡንቻው ውስጥ 400 ግራም ገደማ ግላይኮጅን አለው። የጡንቻው ለራሱ ለጡንቻው ነው፤ ወደ ደም አይወጣም። የጉበቱ ግን የደምን ስኳር ለመጠበቅ ይለቀቃል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተን ጠዋት በሰላም የምንነሳው በዚሁ ነው። እስከ ከሰዓት ለሚጾም ሰው ጉበቱም ስቡም ይደርሱለታል። ረሃቡ ቀናት ሲያስቆጥር ነው የጡንቻ ፕሮቲን ጉዳይ የሚከብደው። ያኔም ጉበት ከስብ ኪቶን እየሠራ አንጎልን ስለሚመግብ ጡንቻው በመጠኑ ይተርፋል።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን አንብቦ ምግብ እንዳይዘል። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

«ስብ ሲያስፈልግ ወደ ስኳር ይመለሳል»

በእኛ ሰውነት ውስጥ ከስኳር ወደ ስብ መንገድ አለ። ከስብ ወደ ስኳር ግን፣ ስቡን አንድ ላይ ከያዘው ከትንሹ ግሊሰሮል በስተቀር፣ መመለሻ የለም ማለት ይቻላል። የሚገርመው ዕፅዋት መቻላቸው ነው። የኑግ ዘር አፈር ውስጥ ሲበቅል ዘይቱን ወደ ስኳር ይቀይራል፤ ቅጠሉ ብርሃን እስኪያገኝ በዚያ ያድጋል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች እኛ ዘንድ የሉም።

«ኮሌስትሮል የሌለው ዘይት አያወፍርም»

የአትክልት ዘይት መጀመሪያውኑ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጀሪካኑ ላይ መጻፉ አዲስ ነገር አይነግረንም። ኮሌስትሮል ኃይል ማስቀመጫም አይደለም፤ ሰውነት አቃጥሎ ኃይል አያወጣበትም። ኃይል የሚቀመጥበት ስብ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ነው። የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሁለቱ ለየብቻ የሚጻፉት ለዚህ ነው። ዘይቱ ምንም ይጻፍበት ግራሙ 9 ኪሎካሎሪ ነው።

«ሲት አፕ የሆድን ስብ ወደ ጡንቻ ይለውጣል»

ስብ ጡንቻ አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሴሎች ናቸው። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ስቡ ግን በደም በኩል ከመላው ሰውነት ነው የሚሰበሰበው፤ ከየት እንደሚጀምር እኛ አንመርጥም።

«የቀነስኩት ስብ በሽንትና በሰገራ ወጣ»

ብዙዎች ደግሞ «ወደ ኃይል ተቀየረ» ይላሉ። ኃይሉ ወጣ፤ ቁሱ ግን የት ሄደ? ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ስሌቱን አሳትመው ነበር። ሐኪሞችንም ጠይቀው አብዛኞቹ በትክክል አልመለሱም። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል፤ በሽንት፣ በላብና በትንፋሽ ይወጣል። ቁጭ ብሎ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ግን ራስ ያዞራል እንጂ ስብ አይቀንስም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚበዛው ሴሎች ብዙ ሲያቃጥሉ ነው፤ ብዙ የሚያቃጥሉት ደግሞ ጡንቻ ሲሠራ።