በልጥ የበረየው ምን አይቶ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚኒባስ እሄድ ነበር። ዓለም ገና ስንደርስ ሬዲዮው ስለ አንድ የ"ክልል እንሁን" ጥያቄ ማውራት ጀመረ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ "እባብ ያየ በልጥ በረየ! ማን ነካቸውና ነው?" አለ። ታክሲው በሳቅ ተሞላ። ረዳቱማ በሩን ይዞ ተንፈራፈረ።

እኔ አልሳቅሁም። ሰውየው ልጡን ይዞ እባቡን ጥሎት ነበር።

ዛሬ ሚስማርና ሽቦ ልጥን አስረሱን እንጂ እዚሁ ሰበታ ዳር አያቴ ጎጆ የሚያስረው በግራር ልጥ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ዛፉ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚላጠው። ከሥሩ በመጥረቢያ ጫፍ ቆንጠጥ ያደርግና ወደ ላይ ይስበዋል። ጭርርር ብሎ ይመጣል፤ ውስጡ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር። እንዳይሰበር ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ማገር የሚታሰረው በእርጥቡ ነው፤ ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዛል።

አክስቴን አጨዳ ላይ እፉኝት ነድፋት በመከራ ተርፋለች። በሌላው ክረምት አንድ ምሽት እንስራ አዝላ ስትገባ ደጃፍ ላይ የተረሳ እርጥብ ልጥ ረገጠች። እሪ ብላ ዘለለች። እንስራው ብትንትኑ ወጣ። እኛ ልጆቹ በሳቅ ፈረስን። አያቴ ዞር ብሎ አየንና፣ "አይታ እኮ ነው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጡን ለቃቅሞ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ልጥ መሬት አድሮ አያውቅም።

ለመሆኑ ተረቱ ለምን ገመድ አላለም? እርጥብ ልጥ እግር ሲነካው ይቀዘቅዛል። መድረቅ ሲጀምር ደግሞ በራሱ ይጠቀለላል፣ ማንም ሳይነካው ኮሽ ይላል። ገመድ ይህን ሁሉ አያደርግም። ስለዚህ ተረቱን ያወጣው ጎጆ ሠሪ ነው ባይ ነኝ። ምናልባትም የደቦ ጠላ ላይ፣ እንደ አክስቴ የዘለለ ሰው አይቶ። ከፈሪው ጋር ያመሸ ሰው አነጋገር ነው እንጂ በፈሪ የሚሳለቅ ሰው አይመስለኝም።

ወደ ታክሲው ልመለስ። የሲዳማን ጥያቄ እንይ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ሐዋሳ አጠገብ፣ ሎቄ ላይ፣ "ከተማችን ከእጃችን ልትወጣ ነው" ብለው የወጡ ሰዎች ላይ ተተኩሶ ብዙዎች ሞቱ። ይህ ልጥ አይደለም። በ2010 የዞኑ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ክልል ልሁን ሲል ያ ቀን የተረሳ ይመስላችኋል? ኅዳር 10 ቀን 2012 በሕዝበ ውሳኔው 98.5 በመቶ ክልልነትን መረጠ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መንገዱን ከፈተ እንጂ ሰውን ከቤቱ ያስወጣው አንቀጽ ብቻ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ሰኔ 2010 ሐዋሳ ውስጥ ወላይታዎች ተጠቁ። ወላይታም ክልል ልሁን አለ። አንዱ ለራሱ ያጠረው አጥር ከጎረቤቱ ደጅ ሆነው ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል። ልጡን በጨለማ ጎትቶ "እባብ! እባብ!" የሚል ፖለቲከኛም ሞልቷል፤ ለእሱ አልከራከርም።

ሩቅ ምን አስኬደን? ይኸው ታክሲው የሚያልፍበት ሜዳ ሁሉ የገበሬ ማሳ ነበር። በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ሲሰማ ወረቀት ነው ተባለ። ገበሬው ግን ጎረቤቱ በጥቂት ካሳ ከመሬቱ ሲነሳ አይቷል። ወረቀቱ ጥር 2008 ቀረ፤ እስከዚያ ግን ስንት ሰው ሞተ።

አሁን አሁን ይህን ተረት "በከንቱ ፈሩ" ለማለት ብቻ የምንተርተው ነገር ያናድደኛል። መጀመሪያ ያለውን "ያየ" የሚለውን ቃል ውጠን "በረየ" ላይ እንስቃለን።

ሰበታ ስወርድ ረዳቱ መልሴን እየቆጠረ ጠጋ አለኝ። አሁንም ፊቱ ላይ ሳቅ አለ።

"ጋሼ፣ ልጥ ግን ምንድን ነው?"