በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የአየር ልውውጥ ምንድን ነው?

ኅዳር ሲገባ የጦሳ ተራራ ብርድ ደሴን ምን እንደሚያደርጋት የሚያውቅ ያውቀዋል። መጦሪያ ውስጥ ደሞ ስድስት ሰባት ሽማግሌና ባልቴት አንድ ክፍል ስለሚያድሩ አስታማሚዎቹ ገና አስራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱን ጥርቅም አርገው ይዘጉና በሩ ስር ጨርቅ ይወትፋሉ። ከፍቅር ነው፣ እማማን ብርድ እንዳይመታቸው ብለው ነው። ግን ከመሀላቸው አንዱ ቲቢ ካለበት ወይ ኢንፍሉዌንዛ ከያዘው ሁሉም እስኪነጋ የሱን ትንፋሽ ሲካፈሉ ነው የሚያድሩት። ለዚህ ነው ይሄን የአየር ልውውጥ የሚባል ነገር በደንብ ማስረዳት የፈለኩት፣ በሽታ በአየር እንዳይዛመት ከሚደረጉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ።

የአየር ልውውጥ ማለት ክፍሉ ውስጥ የተተነፈሰው አየር ወጥቶ በምትኩ የውጭ አየር መግባቱ ነው፣ በቃ። ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ሰው ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲያወራም፣ መንዙማ ሲያዜምም፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስም በጣም ጥቃቅን ጠብታ ያወጣል። ትልልቁ ሜትር ሁለት ሜትር ሳይሄድ መሬት ይወድቃል፣ ትንንሹ ግን እንደ ዕጣን ጭስ አየር ላይ ተንሳፎ ለሰዓታት ይቆያል፣ ያሳለው ሰውዬ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እዛው አለ። ይሄ ግምት አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሪቻርድ ራይሊ የሚባል ሐኪም ከቲቢ ህሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ አርጎ ጊኒ ፒግ (ለምርምር የሚያገለግሉ አይጥ መሰል እንስሳት) ወዳሉበት ክፍል ላከው፣ እንስሳቶቹ ህሙማኑን አይተዋቸውም ነክተዋቸውም አያውቁም ግን ቲቢ ያዛቸው። ያገናኛቸው አየሩ ብቻ ነበር። እጅ መታጠብና ወለል በበረኪና መወልወል ጥሩ ነው ይቀጥል፣ ግን እንደዚህ አይነቱን በሽታ ብቻውን አያቆመውም።

ልውውጡ የሚለካው በሰዓት ስንት ጊዜ በሚለው ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 5፣ ከፍታው 3 የሆነ ክፍል 90 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፣ በሰዓት 450 ሜትር ኩብ የውጭ አየር ከገባበት 5 ጊዜ ተለዋወጠ ማለት ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2023 ሰው ለሚሰበሰብበት ቤት ቢያንስ 5 አድርጉ ብሏል፣ ቲቢ ያለበትን ሰው ለይቶ ለማስቀመጥ በሚሠራ አዲስ ክፍል ደሞ የሚፈለገው 12 ነው። ቁጥሩ ምን ለውጥ ያመጣል ብትሉ፣ አንድ ጊዜ የተበከለን አየር 99 ፐርሰንት ለማፅዳት በ12 ልውውጥ 23 ደቂቃ ይበቃል፣ በ5 ወደ 55 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ1 ግን ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ተወትፎ የተዘጋ ክፍል ደሞ ብዙ ጊዜ 1 እንኳን አይሞላም።

ደስ የሚለው ነገር ይሄን ለማግኘት ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ካሉ ነፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለግምት የሚጠቀምበት ስሌትም አለ፦ 0.65 ሲባዛ በነፋሱ ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) ሲባዛ በጠባቡ ክፍተት ስፋት (ሜትር ካሬ) ሲባዛ በ3600፣ ከዛ ለክፍሉ ይዘት ማካፈል። ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ቢሆንና በሁለቱም በኩል ግማሽ ሜትር ካሬ ብትከፍቱ ያ 90 ሜትር ኩቡ ክፍል 13 ያገኛል። በ2007 በወጣ ጥናት ፔሩ ሊማ ውስጥ ስምንት ሆስፒታሎች ተለክተው መስኮትና በር ሲከፈት መካከለኛው ቁጥር በሰዓት 28 ልውውጥ ነው የወጣው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑት ከ1950 በፊት የተሠሩት ደሞ ካዲሶቹ በለጡ። ስለዚ መጦሪያ የሚሆን ቤት የምትከራዩ ሰዎች ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ቤት ካገኛችሁ አትናቁት፣ ባንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ሴራሚክ ከተነጠፈበት አዲስ ክፍል ሊሻል ይችላል።

የራሳችሁ ክፍል እንዴት እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ የዕጣን ማጨሻ በቂ ነው። ትንሽ ፍም፣ አንድ ፍሬ ዕጣን፣ አረጋውያኑ ውጭ ፀሐይ በሚሞቁበት ሰዓት። ማጨሻውን መስኮቱ አጠገብ ያዙትና ጭሱን ተከተሉት፦ ወደ ውስጥ ተስቦ በወዲያኛው መስኮት ከወጣ ጥሩ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያ ስር ከተጋገረ አየሩ ቆሟል ማለት ነው። ከዛ የሚያስል ሰው ለይታችሁ የምታስቀምጡበት ክፍል በር ጋ ያዙት። ጭሱ ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ነው መግባት ያለበት፣ ከክፍሉ ወደ ኮሪደር ከወጣ በሽታውም በዛው መንገድ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፣ እና ሰውየውን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ነፋስ ስለሚቀያየር ጠዋትም ማታም ሞክሩት።

ብርዱስ? እውነት ነው፣ አዛውንት ሰውነት ብርድ አይችልም፣ ይሄን የሚንቅ ምክር እኔ አልቀበልም። ግን የሚሞቀው ሰውየው እንጂ አየሩ መሆን የለበትም። አልጋውን ከመስኮት ማራቅ፣ ካልሲና ኮፍያ፣ "እማማ ጋቢ ልደርብልዎት" ብሎ ማልበስ፣ ከዛ ከላይ በኩል ያለውን መስኮት በሁለቱም ወገን በትንሹ ከፍቶ ማሳደር፣ ቀን ላይ ደሞ ወደ በረንዳ ሲወጡ ሁሉንም ወለል አድርጎ መክፈት። ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ግን በጭራሽ አይሆንም፣ የከሰል ጭስ የተኙበት ይገላል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደሞ ሙቀቱ ስለሚረዳችሁ መክፈት አያስቸግራችሁም፣ የናንተ ችግር ኤሲና ፋን ነው። የተለመደው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ያንኑ አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ይነፋዋል፣ የጣሪያ ፋንም ያማስለዋል እንጂ አይቀይረውም። ፋኑን መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ብታቆሙት ግን አየሩን ይጎትታል። ሄፓ ፊልተር (ጥቃቅን ነገር የሚይዝ የአየር ማጣሪያ) ያለው ማሽን የሚረዳ ካገኛችሁ ውሰዱ፣ በጣም ጥቃቅኑን 99.97 ፐርሰንት ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ዝም ብሎ ሳጥን ነው።

አየሩ ብቻውን ደሞ አይበቃም። የሚያስለው ሰው ሰርጂካል ማስክ ያድርግ፣ የሚያስታምመው ደሞ ፊቱ ላይ ግጥም የሚል ኤን95 የሚባለውን ማስክ። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ያሳለ ማንም ሰው የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ከድሮ ጀምሮ ተኝቶ የኖረ ቲቢ በእርጅና አቅም ሲደክም ይነሳል፣ ስለዚ አዲስ አረጋዊ ሲገባም አስቀድማችሁ አስመርምሩ። ልብ በሉ፣ አረጋውያን ሲታመሙ ብዙ ጊዜ ትኩሳት አይታይባቸውም፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መቀባዠር፣ ድንገት መውደቅ ሊሆን ይችላል ምልክቱ።

በሽታውን ወደ ግቢው የሚያስገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው። በ2020 በፈረንጆቹ የካቲት አሜሪካ ኪርክላንድ ከተማ ያለ መጦሪያ ውስጥ ኮሮና ሲገባ፣ ወደ ሌሎች መጦሪያዎች እንዲዛመት ካደረጉት ነገሮች አንዱ እያመማቸው የሚሠሩና ከአንድ ቦታ በላይ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። እኛም ጋ ቀን ከቀረች ቀኑ የሚቆረጥባት አስታማሚ እያሳላት ትመጣለች፣ ምን ታድርግ? የምታስል ሠራተኛ ደሞዟ ሳይቆረጥ ቤቷ የምትቆይበትን መንገድ ከቦርዱ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ጠያቂውንም አትከልክሉ፣ ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይታሰብም፣ ግን አስራ ምናምን ሰው ክፍል ውስጥ ከሚጠቀጠቅ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ጉንፋን የያዘው ደሞ እስኪሻለው በስልክ ይጠይቅ።