ምስጥን የሚችለው የትኛው እንጨት ነው?

አንድ አሮጌ የአጥር ቋሚ ነቅላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ክፉኛ የተበላው ከአፈሩ ገጽ አካባቢ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ምስጥ ግን በደረቅነቱ አይመለስም፤ ከመሬት ተነስቶ በጭቃ መተላለፊያ እየሠራ እስከ ጣሪያ ይወጣል።

በሀገራችን በጥንካሬያቸው ስማቸው የሚነሳው ጥድና ወይራ ናቸው። የጥድ ግንድ ሲቆረጥ መሃሉ ቀይ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቀዩ ላይ ነው። ዛፉ ሲያረጅ እዚህ ክፍል ውስጥ ዘይትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ያጠራቅማል። እነዚህን ፈንገስም ምስጥም አይወዷቸውም። ነጩ ግን የጥድም ይሁን የወይራ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ቋሚ ስትገዙ የዛፉን ስም ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ የተቆረጠውን ጫፍ እዩ። በለጋነቱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያልቀውም አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ነው። ዝግባ ጣውላው ያምራል፣ መሬት ውስጥ ግን አይበረክትም።

ቀርከሃ ከእንጨት ይለያል። ጠንካራ ነው፤ ራሱን የሚከላከልበት ቀይ መሃል ግን የለውም። የብዙው ቀርከሃ አገዳ ግድግዳ ስስ ነው፣ ውስጡም ነቀዝ የሚወደው ስታርች ሞልቶታል። ሳይታከም መሬት ውስጥ ከተተከለ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ከጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆያል ይባላል።

በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች ይህን ድክመት ያለፉበት መንገድ በጣም ይገርማል። ቤታቸውን በቀርከሃ ሸምነው ሲሠሩ ቁመቱን እስከ 12 ሜትር ያደርሱታል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል፤ ቁመት ስላለው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይኖሩበታል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።

ቀርከሃ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሞላው፣ በበጋ ቢቆረጥ ይመረጣል። ለሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ነቀዝን ይቀንሳል፣ ለምስጥ ግን ብዙም አይረዳም። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የተባሉ ኬሚካሎች ውህድ ለሁለቱም ይሠራል። ዝናብ ስለሚያጥበው ግን ከጣሪያ ሥርና ከድንጋይ መሠረት በላይ ላለ ቀርከሃ ብቻ ይሆናል።