ትንሽ ትራክተር፣ ከባድ ግንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ያለው ወገናችን ከከተማ ወጣ እያለ ቤት መግዛት ጀምሯል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በጆርጂያ ሁለት ሦስት ኤከር መሬት ከነዛፉ የገዛ ሰው ብርቅ አይደለም። ከዚያ ሥራው ይመጣል። ነፋስ ዛፍ ይጥላል፣ ዝናብ የጠጠሩን መንገድ ይቦረቡራል፣ ቅርንጫፉ ይከመራል። በአካፋና በጋሪ ይሞከርና በመጨረሻ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር ትገዛለች። ጥሩ ግዢ ነው። ሣር ታጭዳለች፣ ጠጠር ትደለድላለች፣ በረዶ ትጠርጋለች፣ ግንድ ትጎትታለች።

ችግሩ አብሯት የሚመጣው ምክር ነው። ከጎረቤትና ከጓደኛ የሚሰማው ብዙ ነገር የተሳሳተ ነው። አንዳንዱ ስህተት ኪስ ብቻ ይጎዳል። አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል፤ እኔም እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ።

«ጉልበት ካላት ሰንሰለቱን የትም ብታስረው ያው ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ግንዱ አፈር እየቆፈረ እንዳያስቸግር ብሎ ሰው ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ ያስራል። ከወንበሩ ጀርባ ጠንካራ ብረት ያያል፤ አይሰበርም ብሎ እዚያ ላይ ይጠመጥመዋል። ብረቱ እውነትም አይሰበርም። አደጋው ሌላ ነው።

ግንዱ ድንጋይ ወይም ጉቶ ይይዘውና እምቢ ይላል። የኋላ ጎማዎቹም መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። ሞተሩ ግን መግፋቱን አያቆምም። ጎማው መዞር ሲያቅተው የትራክተሯ አካል ራሱ በኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያያይዘው ዘንግ) ዙሪያ መዞር ይጀምራል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳል። ሰንሰለቱ ከአክስሉ በላይ ከታሰረ ግንዱም ወደ ኋላ እየሳበ ያግዘዋል። ተገልብጣ ነጂው ላይ ለመውደቅ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃታል። መመለስ የሚቻለው ደግሞ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ያኔ ክላች እረግጣለሁ ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ የመጎተቻ ቦታው አንድ ነው፦ ከአክስሉ በታች፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ ለዚሁ የተሠራው ብረት። ግንዱ ከከበደ አሳጥራችሁ ቁረጡት። በዝቅተኛ ማርሽ ተነሱ፤ ሰንሰለቱ ቀስ ብሎ ይወጠር። አላልቶ በሩጫ መንጠቅ ፈጽሞ አይሆንም። መሬት ውስጥ ሥር የሰደደ ጉቶም በትራክተር ተጎትቶ አይነቀልም። ወይ ዙሪያውን ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ነው፣ ወይ የጉቶ መፍጫ ማሽን ለአንድ ቀን መከራየት።

«ብትገለበጥ ዘልዬ እወርዳለሁ፤ ቀበቶው ይይዘኛል»

አትደርሱም። ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ወፍራም ቅስት ብረት የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው። ትራክተሯ ስትገለበጥ ከቅስቱ ሥር ለነጂው የሚተርፍ ቦታ አለ። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ግን ከዚያ ቦታ ተወርውሮ ይወጣል፤ ያው ቅስት ራሱ ሊጫነው ይችላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ቅስቱን ለአዳዲስ ትራክተሮች ግዴታ ካደረገች በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በጣም ቀንሷል። በአሜሪካም ከ1985 ጀምሮ ፋብሪካዎች ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ለሆኑት በመደበኛነት ይገጥሙታል። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ ዋጋቸው የሚያጓጓ አሮጌ ትራክተሮች ግን አሁንም ይሸጣሉ። አንዱን ካያችሁ መጀመሪያ ቅስት አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለብዙዎቹ በኋላ ማስገጠም ይቻላል።

ቅስቱ ታጣፊ ከሆነ ለቅርንጫፍ ብላችሁ ያጠፋችሁትን ወዲያው መልሱት። ታጥፎ ሳለ ቀበቶ አይታሰርም፤ ቀበቶው የሚጠቅመው ቅስቱ ሲቆም ነው።

«ጣሪያ አላት፤ ቅርንጫፍ ቢወድቅም አይነካኝም»

ያ ጣሪያ ለፀሐይና ለካፊያ ነው። ቅስቱም ቢሆን የተሠራው ለመገልበጥ እንጂ ከላይ ለሚወርድ ግንድ አይደለም። የደረቀ ዛፍ በባልዲ፣ ማለትም ከትራክተሯ ፊት ባለው ትልቅ የብረት መጫኛ፣ ገፋ አድርጎ መጣል እዚህ ላይ ነው የሚያስከፍለው። ግንዱን ከታች ሲገፉት የበሰበሰው ጫፍ ይሰበርና ወደ ገፊው ይወርዳል።

«ባልዲው ካነሳው ትሸከመዋለች»

ሒሳቡን እንየው። 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ 0.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አሁን የተቆረጠ የኦክ ግንድ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ይህ አንድ ግንድ ብቻ 600 ኪሎ ሊጠጋ ነው። ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ይህን ከፍ አድርገው አያነሱም። ቢያነሱትም ሸክሙ ከፊት ሲሆን የኋላው ጎማ ይቀላል። በብዙዎቹ ደግሞ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው! ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁም ትንሸራተታላችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው ከኋላ ክብደት መጫን ነው፤ የክብደት ሣጥን፣ ከባድ ዕቃ፣ ወይም ጎማው ውስጥ ፈሳሽ መሙላት። ቁልቁለት ላይ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ አስገቡ፤ ያኔ የፊቶቹም ለማቆም ያግዛሉ። ባልዲውን ደግሞ ከመሬት ብዙም ሳታርቁ ንዱ።

«ትንሽ ስለሆነች ዛፉን አትጎዳም»

ይህኛው ሰው አይገድልም፣ ዛፍ ግን ይገድላል። የዛፍ ሥር ወደ ጥልቁ የሚወርድ ይመስለናል። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎም ይዘረጋል። ትንሿ ትራክተር ከነባልዲዋ ከአንድ ቶን በላይ ልትመዝን ትችላለች። በእርጥብ አፈር ላይ ስትመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውኃ ወደ ሥሩ መግባት ያቅታቸዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከዓመታት በኋላ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይፈልጋል። ለማዳን የምትፈልጉት ዛፍ ካለ አንድ መንገድ ምረጡና ሁልጊዜ በዚያው ተመላለሱ። አፈሩ እስኪደርቅም ጠብቁ።

በትራክተሯ ጉልበት ስለሚሠራው የቅርንጫፍ መፍጫ ማሽንና ስለ ዘንጉ አንድ ነገር። «ዘንጉ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ተሻግሬው ባልፍ ምን አለ?» የሚል አለ። ከትራክተሯ ኋላ ጉልበት የሚያወጣው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 9 ጊዜ። የተንዘላዘለ የጃኬት ገመድ ወይም የሻርፕ ጫፍ ቢይዝ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የፕላስቲክ መሸፈኛው ከተሰበረ ሥራ ሳይጀመር ይቀየር። የተቀረቀረ ቅርንጫፍ የሚወጣውም ሞተሩ ከጠፋና የሚዞረው ሁሉ ፍጹም ከቆመ በኋላ ነው።

ወድቆ ሌላ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ዛፍ ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ወዴት እንደሚወርድ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ማወቅ ከባድ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ከሆነ ለመብራት ድርጅቱ ደውሉ። መስመሩን እስኪዘጉ ሰንሰለትም ትራክተርም ወደዚያ ዛፍ አይጠጋ።