ነውር እና ገመና አንድ አይደሉም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ስለ አንዲት ልጅ ታወራለች፤ ዘመድ ነኝ እያለ ቤት የሚገባ ሰውዬ ሊደፍራት ሞክሯል። ጓደኛዋ ክንዷን ያዝ አደረገችና «ኧረ ነውር ነው፤ ዝም በይ እቴ!» አለቻት። ዝም አለች። እኔን ግን ያቺ ቃል እስክወርድ ድረስ ከነከነችኝ። ነውር የተባለው እኮ የሰውዬው ሥራ ሳይሆን ወሬው ነው! በዚህች ቃል ላይ አብረውን ያደጉ ስህተቶች ስላሉ ልዘርዝራቸው።

«ነውር ይሸፈናል።»

የሚሸፈነውስ ገመና ነው። ገመና ማንንም ያልበደለ የቤት ጉዳይ ነው፦ ማጣት፣ ሕመም፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ። ጎረቤት እንግዳ መጥቶበት እንጀራ ሲያልቅበት በጓሮ በር ሰፌድ ይዞ መግባትና ለማንም አለመናገር፣ እሱ ገመና መሸፈን ነው፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተናል፣ ደግነት ነው። ሰው ሰውን ሲበድል ግን ጉዳዩ ገመና መሆኑ ቀርቷል። ያኔ «ነውሩ ይሸፈን» ካልን የሸፈንነው በዳዩን ነው፤ ተበዳይዋ እንደሆነች ውስጥ ለውስጥ ትቃጠላለች።

ይሄ ስህተት ሕግ ውስጥም ገብቶ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባት አይከሰስም ነበር። በፈቃዷ! ቤተሰቧ «ስሟ ጠፋ፣ ሌላ ማን ያገባታል» እያላት፣ ሽማግሌ ደጅ ተቀምጦ፣ የምን ፈቃድ ነው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አንስቶታል። አሁን ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ኋላ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም። ሕጉ ነውሩን ከልጅቷ ላይ አንስቶ ለጠላፊው ሰጥቶታል። አፋችን ግን ዛሬም «የተደፈረች» ስንል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ «የደፈረው» የሚለውን ጭራሽ አንጠራውም።

«ነውር፣ ኃጢአትና ወንጀል ያው ናቸው።»

ይገናኛሉ እንጂ ያው አይደሉም። ኃጢአት በፈጣሪ ፊት ነው፣ ወንጀል በሕግ ፊት፣ ነውር በሰው ፊት። ታላቅ ሳይቆርስ መሶብ ውስጥ እጅህን ብትሰድ ነውር ነው፤ ፖሊስ ግን አይመጣብህም። እንጀራ መርገጥ ደግሞ ጡር ነው፣ እሱ ሌላ ቃል ነው። ሚስትን መምታት ሦስቱም ነው፤ ብዙ ቤት ግን አንዱም አይባልም፣ «የቤታቸው ጉዳይ» ይባላል።

«ካልታወቀ ነውር የለም።»

ይሄ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ብሎ የሰው ዓይን ይፈራል። ነውር ግን ጥንቱንም እንከን ማለት ነው። ኦሪት ዘጸአት ላይ የፋሲካው ጠቦት «ነውር የሌለበት» ይሁን ሲል ስለ በጉ አካል ነው የሚያወራው፤ በግ መቼም አያፍርም። የታወረ በግ ማንም ባያየውም ዕውር ነው፤ ሰው በጨለማ የሠራውም እንዲሁ።

«ነውር ከጥንት የተወሰነ ነው፣ አይለወጥም።»

በዚህ አገር ክርስቲያኑ ቡና የማይጠጣበት ዘመን ነበር፤ በስፋት መጠጣት የጀመረው በአጼ ምኒልክ ጊዜ ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ እንግዳን ቡና ሳያጠጡ መሸኘት ነው ነውሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃንም አስቡ። እዚያ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ሸክላ ይሠሩ፣ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። በድስታቸው ወጥ ሠርተን፣ በማረሻቸው አርሰን፣ እነሱን «ቡዳ» ብለን ሸሸናቸው። ሙያ ነውር ተባለ፣ ስድቡ ግን ነውር አልተባለም። ይሄ እስካሁን ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ ስድቡን እኔም ተናግሬዋለሁ።

«ስለ ወር አበባ ማውራት ነውር ነው።»

ነውርም ገመናም አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ግን ሱቅ ሄዳችሁ ሞዴስ ስትጠይቁ ባለ ሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ደግሞ በጥቁር ፌስታል ከቶ ይሰጣችኋል፣ ሲጋራውን ግን በግልጽ ይሸጣል። ታናሽ እህቴ ባለፈው ማራኪ አካባቢ ካለ ሱቅ ስትገዛ ሰውዬው መጠቅለል ሲጀምር «ተወው ጋሼ፣ እንዲሁ ይስጡኝ» አለችውና በእጇ ይዛው ወጣች። ጋሼም ጋዜጣውን አጥፎ መልሶ አስቀመጠው።